ለሕዝብ የማይጠቅም

ቂርያት ጋት፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት፣
ሦስተኛ ፎቅ።
ክሎር ክሎር የሚሸት እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ፣
ልጅቷ እንዳትነቃ ድምፁን ቀንሼ፣
ያን ኮሪያዊ እጠብቃለሁ።

ቀን ቀን ልብስ ይተኩሳል፤
የሰው ሸሚዝ፣ የሰው ኮሌታ፣
አንገቱን ደፍቶ።
ማታ ያንኑ ካውያ ይዞ ይወጣል፣
ፍርድ ቤት "ማስረጃ የለም" ብሎ ወደ ለቀቃቸው ሰዎች ቤት።
አይሮጥም። አይፎክርም።
ጫማውን በር ላይ አውልቆ ነው የሚገባው፣
እንደ እንግዳ።

ከታች የሚሮጠው የዕብራይስጥ ጽሑፍ ይቀድመኛል፤
"እርሱ" የሚለውን ሳነብ "ሞተ" የሚለው ያልፋል።
ግድ የለኝም።
የተበደለ ሰው ዝምታ ፊደል አይቆጥርም።

ሂላ ትስቅብኛለች፦
"እማማ፣ ይህን ሁሉ ደም አይተሽ እንዴት እንቅልፍ ይወስድሻል?"
እንዴት ብዬ ልንገራት፣
እንቅልፍ የሚወስደኝ እሱን ባየሁ ሌሊት ብቻ እንደሆነ።

ወንድሜ ፈረደ ይባል ነበር።
አባታችን ሽማግሌ ነበርና፣ በድንበር የተጣላ የሚያስታርቅ፣
ስሙን እንደ ርስት ነው የሰጠው።
ፈረደ፣
በሰው ላይ አንድ ቀን እንኳ ሳይፈርድ፣
ከፈረቃ ሲመለስ፣ ዜብራው ላይ፣
ነጭ መኪና ፈረደበት።

ከዘጠኝ ወር በኋላ ደብዳቤ መጣ፣ ማኅተም ያለው።
ሂላ ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ፣ አስተርጓሚዬ፣
ጣቷን መስመሩ ላይ እየሳበች አነበበችልኝ፦
"መዝገቡ ተዘግቷል። ጉዳዩ ለሕዝብ አይጠቅምም።"
"ሕዝብ ማነው?" አልኳት።
ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባው ላይ ፈለገች።

"የተበደለ ከነጋሽ፣ የተጠማ ከፈሳሽ" ይል ነበር አባቴ።
ፈሳሹስ በቧንቧ መጣልን፣ አልክድም፤
ነጋሹን ነው ያጣሁት።
ቁጥር ቆርጬ ወረፋ የያዝኩበት መስኮት ሁሉ
ወደ ሌላ መስኮት ይልከኛል።

ስለዚህ ካውያው ሲግል ደስ ይለኛል።
ኃጢአት ከሆነም ይሁን።
የዚያ ነጭ መኪና ሾፌር በኮሪያኛ ሲለምን
በአማርኛ "ገና ነህ" እለዋለሁ።

ትናንት የመጨረሻው ክፍል ነበር።
የመጨረሻው ሰውዬ፣ ዋናው፣ ሁሉን ያዘዘው፣
አርጅቷል።
ካልሲው ተቀዶ አውራ ጣቱ ወጥቷል።
ለዓሣዎቹ ፍርፋሪ እየቆጠረ ይጥላል።
ልብስ ተኳሹ ከኋላው ቆመ። ካውያውን አነሣ።
እኔም፣ ማን እንዳናገረኝ እንጃ፣
ከሶፋው ብድግ ብዬ
"በሕግ አምላክ!" አልኩ።

ድሮ ይህን የሰማ፣
እንኳን በትር ያነሣ፣ የሚሮጥም ይቆም ነበር።
እሱም ቆመ።
ጣቴ ሪሞቱ ላይ ነበር።

ራርቼ ይሁን፣
ወይስ ካበቃ ነገ ማታ ማንን እጠብቃለሁ ብዬ፣
አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት አውቶቡስ ልይዝ ስወጣ
ካውያው አየር ላይ ነበር፣
ዓሣዎቹም አፋቸውን እንደከፈቱ።