ጣሪያና ግድግዳ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሜትር ይዤ ዞርኩ፣
ከሰንጋ ተራ እስከ ለገሃር ግድግዳ ስለካ ኖርኩ።
መሥሪያ ቤቴ "ገማች" ይለኛል፣ ሰፈሩ "ጣሪያና ግድግዳ"፤
በስሜ የሚጠራኝ ካለ፣ እሱ የማያውቀኝ እንግዳ።

ዘንድሮ ከማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ መጣ፣
ከዐሥር ፎቅ በላይ ላለው ሕንፃ ሁሉ ረቂቅ ተመን ወጣ።
ቀለሙ ሳይደርቅ የአቶ መንበሩ ጠበቃ ከተፍ አለ፣
ወንበር ሳይስብ፣ ቦርሳውን እንዳንጠለጠለ፤
"ካስጨነቃችሁን ጠቅልለን ዱከም እንገባለን፤
አራት መቶ ሠራተኛ ነው፣ አራት መቶ ጎጆ ነው" አለን።

በማግስቱ ሁለት ባዶ መኪና ሕንፃው በር ላይ ቆመ።
ምንም አልጫነም፤
ሰፈሩ ግን ታመመ።
ምሳ አቅራቢዋ ዱቤ መዝገቧን ዘጋች፣
የቤት አከራይዋ የተከራዮቿን ፊት ማንበብ ጀመረች።

ሽኩር ልብስ ሰፊው፣ ግብሩን በሐምሌ ዝናብ ተሰልፎ የሚከፍል፣
ሱቁ ሁለት ሜትር ከሃያ፣ ለአንድ ሲንጀርና ለአንድ በርጩማ የምትበቃ ክፍል፣
"እነሱ ዱከም ይሄዳሉ" አለኝ፣ መርፌውን ከከንፈሩ ሳያወጣ፣
"እኔስ? ይህቺን በር ዘግቼ የት ልገባ? ከየት ልወጣ?"

ወይዘሮ አልጋነሽ፣ የወረዳችን ተመራጭ፣ የጎርፉ ቱቦ ይሠራ ብላ ሦስት ክረምት የጮኸች፣
ከሻይ ዕረፍት በፊት ለተመኑ እጇን አወጣች፤
ከሻይ በኋላ ድምፅ ሲሰጥ፣ እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች።
አልፈረድኩባትም።
መኪኖቹን በመስኮት አይታቸዋለች።

"ተመኑ ይጠና" ተባለ። ልኬቱ ግን ይቀጥል፤ ለግብር ይውጣ።

ይህ ቃል ድሮ ሆዱ ሰፊ ነበር፦
ጌታው ሰንጋ ጥሎ ያበላበት አዳራሽ፣ ግብር፤
ገባሩ ከጎተራው ዝቆ ያወጣው፣ ግብር፤
ሰው በሠራው ሲመዘን፣ እሱም ግብር።
ማን አውጥቶ ማን እንደሚበላ ቃሉ ራሱ ይመሰክር ነበር።
ከሦስቱ ተርፎ ዛሬ በቢሯችን በር የሚገባ የሚወጣ
አራተኛው ብቻ ነው፤ ያው "ለግብር ይውጣ"።

"ዘጠነኛውን ፎቅ በዓይንህ ገምተው" አለኝ
አለቃዬ፣ "ሃያ ሜትር አይበልጥም" ብሎ ጠቀሰኝ።
ሜትሬን ኪሴ ከትቼ በሊፍት ወጣሁ፤
ልጄን፣ ትርሲትን፣ ከመስተዋት ጀርባ አገኘሁ።
እንግዳ ተቀባይ ናት፤ ሥራ ከያዘች ዓመት ከመንፈቅ፣
የቤት ኪራያችንን ግማሽ የምትከፍል፣ ሳትነግረኝ፣ እኔም ሳልጠይቅ።

"አባባ፣ እውነት ይሄዳሉ?"

የሚሄድ ሰው አዲስ መጋረጃ አይሰቅልም፣ ልላት አሰብኩ፤
ወንበሯን አየሁና ቃሌን መልሼ ዋጥኩ።
"ዜሮውን ያዢልኝ" አልኳት።

ጫማዋን አውልቃ ከግድግዳው ጥግ ተንበረከከች።
ልጅ ሳለች ቁመቷን በዚሁ ሜትር እለካ ነበር፣
በበራችን መቃን ላይ፣ በእርሳስ።
ቢጫው ጥብጣብ በመሃላችን ተወጠረ፣
በምንጣፉ ላይ፣ በሰው ሁሉ ጠረጴዛ ሥር አለፈ።
"ስንት ሆነ?"
ሃያ አራት ከስልሳ።

እስክሪብቶዬ ትንሽ አሰበ።
በመስኮቱ ቁልቁል፣ ገና በዘጠኝ ሰዓት፣ ሽኩር አምፖሉን አበራ፤
የሕንፃው ጥላ ሲያርፍበት ይመሽበታል፣ ከእነሥራው፣ ሌላው ሰፈር ገና ፀሐይ እያለ።
ለጥላ ሠንጠረዥ የለንም።
ስንት ካሬ ጨለማ በስንት ብር እንደሚባዛ የትኛውም ደንብ ላይ አልተጻፈም።

ሃያ አራት ከስልሳ ብዬ ጻፍኩ።

ትርሲት ጫፉን ለቀቀችው፤
ሜትሩ ምንጣፉን እየገረፈ፣ እየተምዘገዘገ መጣና
አውራ ጣቴን መታኝ።
"አመመህ?" አለችኝ፣ እንደተንበረከከች።
"ኧረ አላመመኝም" አልኳት።