የልብስ ሰፊው ዝንብ

ሂርማታ ገበያ፣ በቆርቆሮው ጥላ፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከሲንጀሬ ኋላ
ሱሪ አሳጥሬያለሁ፣ ኮት አስፍቻለሁ፣
የሙሽራ ቀሚስ ሁለቴ አበላሽቼ፣ ካሣ ከፍያለሁ፤
የማፍርበት ስፌት ግን ከዚህ ሁሉ አንድ ነው።

በአንድ የሐምሌ ማለዳ ነዚፍ አባ ዲጋ
ሦስት አጎበር ይዞ ከሱቄ ተጠጋ።
ከጤና ኬላው ነው፣ ለወባ የታደለ፣
ከነፕላስቲኩ ነው፣ ካልጋ ያልተሰቀለ።
«ግጠምልኝ» አለ፣ «ሦስቱን አንድ አድርገህ፣
ጠርዙን በሲባጎ፣ ግርጌውን እርሳስ አስረህ።»
ለምን ነው አላልኩም። ዋጋ ቆረጥን። ሰፋሁ።
አውቆ የተኛን ሰው ማን ይቀሰቅሳል?
እኔ አውቄ ተኛሁ።

ሳምንቱ ሳይሞላ፣ በባልዲ ስጦታ
ይዞልኝ ከች አለ፣ አንድ ቀን ወደ ማታ።
ከላይ ሁለት ቢልጫ፣ ክንድ የሚያካክሉ፤
ከሥር እጄን ብሰድ፣
መርፌ፣
መርፌ፣
መርፌ ናቸው ሁሉ!
ቁጥር ዐሥራ አራት፣ ቁጥር ዐሥራ ስድስት፣
ገና ክር ያልነካው፣ ዓይን ብቻ የሆነ ፍጥረት።
የሰው ልጅ ከትንኝ የሚሸሸግበት
የዓሣን ልጅ ለቀመ፣ በእኔ እጅ፣ በእኔ ስፌት።
የላይኞቹን ጠብሰን በላን፤ ጣፍጠው ነበር፣ አልዋሽም።
የሥረኞቹን ድመቷም አልጨረሰችም።

*

ከግድግዳዬ ላይ፣ አቧራ ለብሶ፣ ዘንግ ነበር ተሰቅሎ፤
የግድቡ መሐንዲስ፣ ቀጭኑ ፈረንጅ፣
ለሱሪው መጣፊያ ዝርዝር ቢያጣ ጊዜ
ትቶልኝ የሄደ፣ «መያዣ ነው» ብሎ።
ስለ ባሌ ወንዞች ያወራኝ ነበር፤
ትራውት ስለሚሉት፣ ጎኑ ነቁጥ ነቁጥ፣
ብርድ ካልጠጣ የማይኖር ዓሣ።
«የእናንተ ጊቤ ይሞቀዋል» አለ፤
«ቢልጫ ግን እሱም ሽቅብ ያያል።»
ደግሞ ዝንብ አሳየኝ፣ ከላባ የታሰረ፣
ቢታኘክ የማይበላ፣ በክር የተሠራ ውሸት።

ውሸት መስፋት ለእኔ ምኑ ያቅተኛል?
አርባ ቁጥር ክር፣ የሚስቴ የዘምዘም አውራ ዶሮ፣ የአንገቱ ላባ።
(ዶሮው ሲመልጥ ጊዜ ጎረቤት ጠረጠረች፤
እኔም አፌን ዘጋሁ፣ ዝንብ እንዳይገባ።)

ጥቅምት ላይ፣ ጊቤ ድፍርሱን ጥሎ ሲጠራ፣
ከአሰንዳቦ በታች፣ ከሾላው ሥር ቆምኩ።
ሦስት ቅዳሜ ሙሉ
ሾላውን፣ ቁጥቋጦውን፣ የራሴን ኮሌታ አጠመድኩ።
ልጆች ሳቁብኝ፤
ጉሬዛም ከቅርንጫፉ ጢሙን አንጠልጥሎ ታዘበኝ።

በአራተኛው
ውሃው ፈነዳ።

ቢልጫ ናት። ሆዷ ተወጥሯል፣ ወሯ እንደገባ ሴት፤
ሽቅብ የምትወጣው
ከላይ ከጠጠሩ ላይ ልትወልድ ኖሯል።
በዚያች በአንድ ሆድ ውስጥ ስንት ባልዲ መርፌ!
ልቆጥር ሞከርኩ፣ ጠፋብኝ።
መንጠቆውን ነቅዬ፣ አፏን ወደ ወራጁ መልሼ፣
ትንፋሿ እስኪመለስ ያዝኳት።
ሄደች።
ምስጋና የለ፣ ዞር ብሎ ማየት የለ።
«ጋሼ፣ አመለጠችህ!» አለኝ ከልጆቹ ትንሹ።
«አዎ» አልኩት።

ማታ ዘምዘም፣ «ዓሣው የታል?» ብትለኝ፣
«ጊቤ ውስጥ» አልኳት። እውነቴን ነበርኩ።
በዶሮው ጉዳይ ግን ያን ማታ ተያዝኩ።

*

ሐምሌ ተመለሰ። ነዚፍም። ዘንድሮ አራት አጎበር።
«ባልዲው እኮ ቀለለ» አለኝ፣ «መረቡን ማስፋት ነበር።»
«አልሰፋም» አልኩት።
ብዙ ላስረዳው ነበር፣
ስለ ጠጠሩ፣ ወሯ ስለገባችው፤
ቃሉ አፌ ላይ ተቋጠረ። እሱም ልጆች አሉት።
ጨርቁን ጠቅልሎ አልፎኝ ሄደ።

ከሁለት ሱቅ ማዶ ሌላ ሲንጀር አለ።
ድምፁ ይሰማኛል፤
ቀጥ አድርጎ ይሰፋል፣ እርሳሱ ጋ ሲደርስ ይዘገያል።
እኔ ሱሪ አሳጥራለሁ።
ክር ላስገባ ብዬ
መርፌዋን ወደ ብርሃን ሳነሣ
ዓይኗን አያለሁ፤
እሷም ታየኛለች።