ገጽ ስንት ደረስሽ?

አክስቴ ደብሪቱ የባጃጅ ዕቃ ነው የምትቸረችረው፣
መናኸሪያው ጀርባ፣ የአዳማ ነፋስ አቧራ በሚያዞረው።
ካንዴላ፣ ፍሬን ሸራ፣ የፍሪሲዮን ገመድ፤
ከባንኮኒው ሥር ግን፣ እንደ ድብቅ ዘመድ፣
መጽሐፍ ታኖራለች፤
ሰው የማይሞትበትን ገልጣ ትመልሳለች።

እኔ ደግሞ ሌላ ነኝ።
ዝናብ በአርባ ገጽ ላይ ቀስ ብሎ ሲያካፋ፣
አንዲት ሴት መስኮት ሥር ተቀምጣ ስታንቀላፋ፣
ምንም ሳይፈጠር ምዕራፉ ሲያልቅ ነው ደስ የሚለኝ።

በወር አንዴ፣ ማክሰኞ፣ በባጃጅ ሹፌር እጅ፣
በጥቁር ፌስታል ጠቅልላ፣ እንደ ሥጋ እንጂ
እንደ መጽሐፍ አይደለም፣ ትልክልኛለች።
"ይሄን ካልወደድሽው ልብ የለሽም" ትላለች።
ቅባት የነካው ጣቷ በገጹ ጫፍ ላይ አለ፤
ዕልባቱ ደረሰኝ ነው፦ "ሁለት ጎማ፣ ተከፈለ"።

በሦስተኛው ቀን ስልኬ ይጮኻል።
"ገጽ ስንት ደረስሽ?" ድምጿ ይቸኩላል።
"አሥራ ሁለት።" "ሬሳው ወጣ?"
"ወጣ።" "ገና ምን አይተሽ! ጉዱ ከዚያ ነው የሚመጣ!"

አማርኛ አስተማሪ ነኝ፤ ቀይ እስክሪብቶዬ አላስቀምጥ አለኝ፤
መርማሪው "ኮስተር አለ"ን፣ ቆጥሬ፣ ሠላሳ አንዴ ደገመብኝ።
ካፖርቱን አያወልቅም፣ ሐምሌም ሆነ ግንቦት፣
እኔ በአዳማ ሙቀት ፊቴን ሳራግብበት።

አንድ ጊዜ፣ በተራዬ፣ ያን የዝናቡን መጽሐፍ ላክሁላት።
ሦስት ቀን ዝም አለች። በአራተኛው ደወልኩላት።
"ልጄ" አለች፣ "ይሄ ዝናብ መቼ ነው የሚያባራው?
ሴትዮዋስ፣ የቤቱን ሥራ ማን አለላት የሚሠራው?
የኔዎቹ ዕዳ አያሳድሩም፤
መጨረሻው ላይ ሒሳብ ይዘጋል። እንዳንቺዎቹ አንጠልጥለው አይቀሩም።"
ቅዳሜ ሱቋ ስሄድ በሩን ደግፎ አገኘሁት፣
ነፋስ እንዳይዘጋው። ምንም ሳልል ተራመድኩት።

ባለፈው ወር ግን ከሁሉም ያረጀ መጽሐፍ መጣ፤
ጀርባው በፕላስተር የታሸገ፣ የሽፋኑ ቀለም የወጣ።
ስለ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ማለዳ
ቤቱን ተሰናብቶ ወደ ወደብ ሲነዳ
መንገድ ስለዋጠው፣
እና ስለ ባለካፖርቱ፣ ስለሚፈልገው።

ጥይቱ የሚተኮስበት ገጽ ላይ ምልክት የለም፤
ሴራው የሚፈታበትም ላይ የለም።
በእርሳስ ያሰመረችው አንዲት መስመር ብቻ ነው፣
ገጽ ዘጠና ላይ፣ ከታች፣
"ሚስቱ ሳህኑን ከድና አሳደረችው።"

ባሏ ሁንዴ የአሰብ መንገድ ሹፌር ነበር።
በሰማንያ ሦስት፣ ግንቦት ላይ፣ መንገዱ ሁሉ ሲታጠር፣
መኪናው ሚሌ ላይ ታይቷል የሚሉ አሉ፤
ሚሌ የነበሩት አላየንም ይላሉ።
ለቅሶ አልተቀመጠችም። ምን ብላ?
ስሙ ሲነሣ የኛ ቤት ሰው ወሬ ይለውጣል፤
እሷ ከወንበሯ ትነሣለች፣ "ቆይ፣ ደንበኛ መጥቷል"።

መጽሐፉ ጥሩ አይደለም። ይሄን አልደብቅም።
መርማሪው አሁንም ካፖርቱን አያወልቅም።
ግን እኩለ ሌሊት መብራት ሲሄድ በስልኬ ብርሃን ቀጠልኩ፤
ቀይ እስክሪብቶዬ የት እንደወደቀ እንጃ፣ አልፈለግኩ።
ሦስት ገጽ ሲቀረኝ ደወልኩ።

"አክስቴ፣ ተኝተሻል?"
"ተኝቼ ነው ስልክ የማነሣ? ገጽ ስንት ደርሰሻል?"
"ሦስት ነው የቀረኝ። ሰውየው… ይመለሳል?"

ዝም አለች።
የጣሪያዋን ቆርቆሮ ነፋስ ሲመታው በስልኩ ይሰማል።
"አልነግርሽም" አለች በመጨረሻ። "ለኔስ ማን ነገረኝ? አንብቢ።"
ልትዘጋው ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፦
"ያንቺን ደግሞ ከበሩ ሥር አንሥቼዋለሁ።
ገጽ ሃምሳ ደርሻለሁ።
አሁንም አላባራም።"