ከቀለሙ ሥር

ማለዳ፥ አሞራ ገደል፥ ዓሣ በሚበለትበት፥
ከአባ ኮዳዎቹ መሃል ነበር የሚገኝበት፤
እነሱ ለአንጀት ይሻማሉ፥ እሱ ለቆሮሶ ቆዳ፤
ቀቅሎ ሙጫ ሊያወጣለት፥ ሸራ ሊለጥፍ ከግድግዳ።

ጋሽ ጥዑመልሳን።
ጎረቤት በግማቱ ተማሮ ቀበሌ ከሰሰው ሁለቴ፤
«ጴጥሮስ ራሱ ምን ይሸት ነበር? እስቲ ንገሩኝ በሞቴ!»

ቀን ይሥላል። ማታ ይጽፋል፥ በሰማያዊው መዝገብ፥
ከየደብሩ የለቀመውን፥ ጭረት በጭረት ሲያነብብ፤
የማን እጅ ነው ይህ ቅንድብ? ይህ ቀይስ ከየት መጣ?
ይህን ሰይጣን ባንድ ዓይን የሣለ፥ በማን ነበር የተቆጣ?
መሰላሉን የምይዝ እኔ፥ ሜትሩን የምዘረጋ፤
እሱ አፍንጫውን አስጠግቶ፥ ከቀለም ጋራ ሲያወጋ።

አንድ ክረምት፥ ከታቦር ግርጌ፥ ከአንዲት ጠባብ ቤተ ክርስቲያን፥
ጣራው አፈሰሰ፤
የገብርኤል ክንፍ፥ የቆርቆሮ ቀለም፥ እንደ ሽንኩርት ተልጦ፥
ከሥሩ ሌላ ፊት ወጣ፥ ጠይም፥ ሰፊ ግንባር፥ አፍጦ።
ክንፉ የላባ አልነበረም፤ የእንሰት ቅጠል ነው፥ ረጅም፥
ጅማቱ ሳይቀር የተሰመረ፤ እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም።

«የማን ነው ጋሼ?» አልኩት። ባትሪው እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ።
ከመሰላሉ ወረደና ወለሉ ላይ ተቀመጠ።
«የላዩ የኔ ነው» አለኝ። «አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።
ሰበካው ‹ይህ ሥዕል አይደለም፥ ሸፍነው› አሉኝ፤ በሠላሳ ብር።
ሁለት ጊዜ ነው የቀባሁት።
ዓይኑ አልደበቅ ብሎኝ።»

ከፍልሰታ እስከ ኅዳር ጽዮን፥ በጥጥ፥ በምላጭ፥ በምራቅ፥
የገዛ መልአኩን ላጨው፥ በቀስታ፥ ሳይሳቀቅ።
ግራ እጁ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከሥር ምንም አልነበረም፤
አሮጌው እጅ በልጅ ቀለም ተበልቷል፤ አይመለስም።
እናም ዛሬ ያ መልአክ፥ በእንሰት ክንፍ የቆመው፥
ቀኝ እጁ የማይታወቅ ሰው፥ ግራው የጋሼ ነው።

መዝገቡ ላይ፥ ገጽ ሁለት መቶ አራት፦
«የሣለው፦
የሸፈነው፦ ጥዑመልሳን ወልደሩፋኤል፥ በሠላሳ ብር።»

ሐምሌ ላይ አረፈ። መዝገቡ ወደ እኔ መጣ፤
ያቺን ባዶ መስመር ይዤ፥ ሰፈር ለሰፈር ስወጣ፥
ዳቶ፥ አንዲት አሮጊት፦ «በር የሚቀባ አጎት ነበረኝ፤
ስሙ ምላሴ ላይ ነው፤ ቆይ…» አሉኝ።
እርሳሴን ቀርጬ ቁጭ አልኩኝ።