ነጠላ ነጥብ

ሐሙስ ማታ ማታ፣ ማማ ሒሳ መነጽሯን አጥልቃ፣
ትጽፍልኝ ነበር የአስቤዛ ዝርዝር፣ አንድ በአንድ ጠንቅቃ፤
ሩዝ፣ ደረቅ ሎሚ፣ ሄል፣ የልብስ ሳሙና፣
ለማላያሊው ባለሱቅ የምሰጠው፤ እኔ ማንበብ አልችልምና።
ዓረብኛ ባላነብም የፊደሏን ቁመት አውቃለሁ፤
ሠላሳ ዓመት ሰሌዳ የጻፈ እጅ ነው፤ ከሩቅ እለየዋለሁ፤
ሰፊ ሆድ፣ ረጅም ጅራት፣ ንፋስ እንደሞላው ሸራ፣
እስከ ጠረጴዛው የሚሻገር፣ ጠርዝ የማይፈራ።

ከረመዳን ወዲህ ግን ፊደሉ ማነስ ጀመረ፤
መስመሩ በዝሆን ተነስቶ በጉንዳን አደረ።
«ወረቀት ልቆጥብ ብዬ ነው» አለችኝ እየሳቀች፣
እጇን ከሻሿ ሥር ቀስ አድርጋ እየደበቀች።

ሌላም ነገር አይቻለሁ።
ሄሉ ሲያር፣ አጠገቡ ቆማ፣ ምንም አልሸተታት፤
ሌሊት በሕልሟ ስትራገጥ፣ ፍራሽ ከአልጋዋ ሥር አነጠፍኩላት።
ለልጇ ለጋኒም ብነግረው፣ «ይርገዱ፣ ሐኪም ሆንሽ እንዴ?»
ብሎ ወደ ስልኩ ተመለሰ። እኔም ወደ ሆዴ።

ዓመት ከመንፈቅ ሲያልፍ ሲኒው በእጇ መንቀጥቀጥ ያዘ፤
ያኔ ቤተሰቡ ደነገጠ፤ ሹፌር ታዘዘ።
መርፌ ወጓት፤ መድኃኒቱ አንጎሏ ደርሶ እስኪገኝ
አራት ሰዓት ጠበቅን፤ ውጪው የሻርጃ እሳት፣ ውስጡ ብርድ አቆራመደኝ።
ጭንቅላቷን በማሰሪያ አጠበቁ፤ «አትንቀሳቀሺ» አሏት፤
ማንን ሰምቶ እጇ! የሌለ ጥራጥሬ ያሻል ጣት በጣት።
እኔ ከመስታወት ኋላ፤ ካሜራው ቀስ ብሎ እንደ አሞራ ዞራት።

ሱዳናዊው ሐኪም ምስሉን ከፈተ፤ በጥቁር ላይ ሁለት ፍም።
«ጤነኛ ሲሆን ኮማ ነው የሚመስለው» አለ ለጋኒም።
ኮማ! ክው አልኩ። ሰው ኮማ ሲገባ እንጂ ሲወጣ አላየሁም።
ፊቴን አይቶ በብዕሩ ሣለልኝ፤ ባለ ራስ፣ ባለ ጅራት ሰረዝ።
«በግራ በኩል ጅራቱ ከስሟል፤ የቀረው ነጥብ ነው፤ ይኸው።
መቼ ነው የጀመራት?» ጋኒም ጣራውን አየው።

ቦርሳዬን ከፈትኩ። አንድም ወረቀት ጥዬ አላውቅም ነበር።
ደረደርኩት፣ ከዝሆኑ ሐሙስ እስከ ጉንዳኑ ድረስ፣ በዝርዝር፤
የሩዙ ጅራት ያጠረበትን፣ የሎሚው የጠፋበትን ቀን።
ሐኪሙ ምስሉን አየ፤ ወረቀቱን አየ፤ ቆይቶ እኛን።
«ማሽናችን ዘግይቷል» አለ።

በመኪና ስንመለስ «ነጥብ ማለት ማለቅ ነው» አለችኝ፤
የቋንቋ መምህር ናት፤ ምን ብዬ ልዋሻት? ቸገረኝ።
«በእኛ ጽሑፍ» አልኳት «አንድ ነጥብ ብቻውን ምንም አይዘጋም፤
ነገር ለማቆም አራት ይፈልጋል፤ አንዱ አይበቃም።»
አልሳቀችም። የኻሊድ ወሽመጥ በሐሩር ነጭ ነበር።

ሐሙስ መጣ። በማስመሪያ ወረቀቷን አሰመርኩ፣
እንደ አንደኛ ክፍል ደብተር ሰፋ ሰፋ አደረግኩ።
«ማን አስተማሪ፣ ማን ተማሪ!» ብላ አጉረመረመች፤
ሩዝን ጻፈች፤ መስመሩን ነካች፣ ላይና ታች።
ሎሚ ላይ ስትደርስ እጇ እንደገና አነሰች።
«ከመስመሩ ጀምሪ» አልኳት።
ከመስመሩ ጀመረች።