ግማሽ ደቂቃ

ጥዱን ከአራት ኪሎ በክርክር ገዛሁ፤
ቁመቱ ከወገብ፣ አንድ ጎኑ የሳሳ።
ሻጩ «ወደ ግድግዳ አዙሪው» አለኝና
አምሳ ብር መልሴን በወሬ አስረሳ።
በየደረጃው ላይ መርፌውን እያረገፈ
ባሻ ወልዴ ችሎት፣ አራተኛ ፎቅ አረፈ።

ናርዶስ ጥጥ ይዛ ጠበቀችኝ።
ጥጡ በረዶ ነው፤
እኔም እናቴም በዓይናችን ያላየነው፣
ከፋርማሲ በጥቅል የሚሸጥ በረዶ።

«ኳሱን፣ ኮከቡን፣ የሚያበራውን
ዘንድሮ አንገዛም፤ እንሠራለን» አልኳት።
«ከምን?»
ከአልጋው ሥር ሻንጣውን ጎተትኩት።

ሠራተኛ ሰፈር ቤታችን ሲፈርስ
ሰው በሩን ሲነቅል፣ ቆርቆሮ ሲያወርድ፣
ይህን ታቅፌ ነበር የወጣሁት፤
ጎረቤት በሹክሹክታ «ወርቅ ነው» እስኪል ድረስ።

ወርቁ ይኸው፦
የአባቴ የክላርኔት ምላሶች፣ ሁለት ስስ ሸምበቆ፣
ጫፋቸው ላይ የጥርሱ ምልክት ያለ።
ናርዶስ ክንፍ አድርጋ በክር ሰፋቻቸው፤
ራሱን ከዶቃ ሠራች፤ መልአክ ሆነ፤ ትንሽ ሰካራም መልአክ፣
ወደ ግራ የሚያዘነብል።
ከአጎቴ ከዘርጋው አኮርዲዮን የተረፉ ቁልፎች፣
አሥራ አንድ ነጭ፣ አንድ ጥቁር።
አጎቴ ሲከፋው ጥቁሩን ብቻ ነበር የሚነካው፤
ለብቻው ሰቀልነው።
ከእናቴ ደግሞ ባዶ የክር ማጠንጠኛ።
እናቴ አልዘፈነችም። የስፌት መኪናዋን ፔዳል ግን
አባቴ ሲነፋ ጠብቃ ትረግጠዋለች፤
የዚያ ዘመን ቀሚሶቻችን ስፌት
አንዳንድ ቦታ የፈጠነው፣ አንዳንድ ቦታ የዘገየው ለዚህ ነው።

«ይሄኛው የትኛው ዜማ ነው?»
በያንዳንዱ ትጠይቀኛለች፤
ዜማው ያልታወቀ አይሰቀልም ብላ
ሕግ አውጥታለች።

ከዚያ ካሴቱ። ክሩ ቡናማ፣ ብርሃን ሲነካው ወርቅ።
ብልጭልጭ ለጎደለው ዛፍ
ከዚህ የተሻለ ምን አለ?
በእርሳስ ጫፍ ስቤ፣ ሦስት ክንድ ለክቼ፣ ቆረጥኩ።
በመቀስ ጀርባ ሳሸው ተጠቀለለ፤ አማረ።

«እማ፣ እዚህ ላይ ተጽፏል እኮ።»

በአባቴ በጎባጣው ጽሕፈት፦
«የገና ዋዜማ። ቤት ውስጥ። እንዳይጠፋ።»

መቀሱን እንደ ፍም ለቀቅኩት።

በማግስቱ ወደ ጊዮርጊስ ወጣሁ፣
ሬዲዮ ጠጋኙ ኑረዲን ዘንድ።
የቆረጥኩትን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አየና
«ግማሽ ደቂቃ ናት» አለኝ።
«አትቀጠልም?»
«የተጨማደደ አይዘፍንም፣ እህቴ።»

የቀረውን አሰማኝ።
ከእስትንፋስ መሐል ነው የሚጀምረው፤
አንድ ሰው አየር ስቦ፣ ሳያወጣው።
ከዚያ ክላርኔቱ፣ ከዚያ የዘርጋው ጥቁር ቁልፍ፣
ከሥር ደግሞ ፔዳሉ፣ ጭክ ጭክ፣ ጭክ ጭክ፣
ከዚያ እናቴ፦ «ወንድይራድ፣ ልጅቷ ተኛች፣ ቀስ።»
አባቴም በአፉ ሳይሆን በክላርኔቱ
«እሺ» አላት፤ ሁለት ድምፅ፣ ሁለተኛው ዝቅ ያለ።

ልጅቷ እኔ ነኝ።
ተኝቼም አልነበር።

ኑረዲን ዝም ብሎ ሠርቶ ጨረሰ፣
አቧራውን ጠርጎ በጋዜጣ ጠቀለለልኝ፤
ሂሳቡን ግን አልማረኝም፤ ሁለት መቶ።

በዋዜማው መብራት ጠፋ።
ሻማ ለኩሰን ዛፉን ዞርነው፤
ግማሽ ደቂቃዋ ብቻ እጄ ላይ ቀረች።
«ይሄኛውስ የትኛው ዜማ ነው?»
የመጀመሪያው ሳል ይሆን?
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ የቆጠረው?
ስሜን ጠርቶ ይሆን? እንጃ።
«አላውቀውም» አልኳት።

አየችኝ። ሕጓን አሰበች።
ጥዱን ከግድግዳው አዙራ
በሳሳው ጎኑ ላይ ሰቀለችው።
ከዚያ ጉንጯን ነፍታ
እፍ አለችበት።
ተንቀጠቀጠ፣ አበራ።
ጠብቃ፣ ጠብቃ፣
ደግማ እፍ።