የእድሩ ጥሩምባ

ጥሩምባው ያው ነው፣ አንገቱ የጎበጠ፣ በላስቲክ የታሰረ፣
ሽምብጥን ጎህ ሳይቀድ በመርዶ እየጠራ ዘመናት የኖረ።
ነፊውም ያው ናቸው፣ አያ አንሙት፣
ስማቸው እንዲያ ሆኖ እንጀራቸው ከሞት።

ዛሬ ግን ቅዳሜ ነው፤ ድንኳኑ እንደታጠፈ መጋዘን ውስጥ አለ፣
ድስቱም ከጉልቻ አልዋለ።
ገንዘብ ያዧ እትዬ ጥሩአየር፣ ነጠላ አደግድገው፣
ኖራ በባልዲ በጥብጠው፣
ከግቢው አፈር ላይ መስመር ያሰምራሉ፦
አንድ ነጭ፣ አንድ አፈር፣ አንድ ነጭ፣ አንድ አፈር...
«ዜብራ ነው ስሙ፣ የሜዳ አህያ» ይላሉ።
«ጅራቱስ የታለ?»
አለ አንድ ጥርሰ ወላቃ፤ ግቢውን በሳቅ ገደለ።

የለቀስተኛ አግዳሚ፣ ሁለቱ ተጋጥሞ፣ ሰማያዊ ባጃጅ ሆነ፤
ሹፌሩ ምንይችል፣ ገና ሰባት ዓመቱ፣ ስምንት ሰው ጫነ።
«ትርፍ!» አሉ ከኋላ።

አያ አንሙት ጥሩምባ አነሱ፣ ክላክስ ይሆኑ ዘንድ ታዘው፤
ከንፈር ልማድ አለው።
ረጅሙ ወጣ፣ ያ የንጋቱ፣ ያ የቀብር ጥሪ።
ሰው ብቅ ብቅ አለ በየቆርቆሮው አጥር።
«ማነው? ማን ሞተብን?»
አያ አፋቸውን በክንዳቸው አበሱ።
«ማንም» አሉ። «ማንም።»
ከዚያ አጭር አጭሩን፦ ጲጵ፣ ጲጵ።

«ቁም። ግራ እይ። ቀኝ እይ። ደግሞ ግራህን እይ።
ኳስ ከእጅህ ቢያመልጥ ይሂድ፤ ኳስ ሞልቷል ገበያ ላይ።»

ተራ በተራ አለፉ። ፍሬሰላም ቀረች።
ከኖራው ጠርዝ ቆማ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ አየች፤
መንገዱ ባዶ ነው፤ እግሯ አልታዘዛት።
ወንድሟ ይበልጣል፣ አምና በሰኔ፣ ከጋራዡ ፊት ለፊት፣
ክብሪት ሊገዛ ተልኮ...
ይህን ማንም አላነሳም።
ባጃጁ ቆሞ ጠበቃት፤ ክላክሱም አልጮኸም፤
ከስምንቱ ተሳፋሪ አንዱም አልቸኮለም።

አያ አንሙት ጥሩምባቸውን አፈር ላይ አስቀመጡ፣
አጠገቧ ቆመው እንደ እሷው ግራቸውን፣ ቀኛቸውን አዩ።
ያን ሰኔ የነፉት እሳቸው ናቸው።
እጃቸውን ሰጧት። ሳትይዝ ቆየች። ያዘች።
ሦስተኛው ነጭ ላይ ጫማዋን ኖራ ነካው።

ማታ ከጣና በኩል ነፋሱ ደንገል ደንገል እየሸተተ ሲነሳ፣
እትዬ ጥሩአየር በሩን ሊቆልፉ ወጡ።
ከግቢው እስከ ዋናው መንገድ ነጭ ዱካ ተበትኗል፣
የትንንሽ ነጠላ ጫማ።
አስፋልቱን ገና መስመር የቀባው የለም።
ዱካው ሁሉ ግን ከጠርዙ ሲደርስ፣
ጥንድ ጥንድ ሆኖ፣ ጫፉን ወደ መንገዱ አድርጎ፣
ቆሟል።